ሰም የማይይዘው ስንጥቅ

«ሰኞ ጠዋት ትገባለች ጋሼ። የልጅ ኩርፊያ ነው፣ አይቀየሙን።»

ልጄ ይህን ያለው በስልክ ነው። ከሌሊት ጥበቃው ገና መመለሱ ነበር፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ የተኛሁ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ ግን ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ እንቅልፍ እንደ ሩቅ ዘመድ ሆኖብኛል፤ ብቅ ይልና ጎኔን ሳላሳርፍ ይሄዳል። ፍራሼ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞርኩ ሁሉንም ሰማሁ። «ጋሼ» የሚለው ባለፎቁን ነው፤ ከፎቁ ሥር ልብስ ስፌት ቤት ያለውን፣ ልጄንም የዚያው ሕንፃ ዘበኛ አድርጎ የቀጠረውን ሰው። ትገባለች የተባለችው ደግሞ የልጅ ልጄ ናት፤ ዶቃ እንላታለን። እዚያ ስፌት ቤት መኪና ላይ ስትሠራ ቆይታ አንድ ቀን ድንገት ተወችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ በአንዲት ክፍል እየኖሩ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። «እማዬ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል በያት።» «እማማ፣ ስኳር አልቋል በዪው።» እኔም መሃላቸው ተተክዬ እንደ ስልክ እንጨት የሁለቱንም ቃል አስተላልፋለሁ። ለምን እንደተወችው ግን ለእሱም ለእኔም አልተናገረችም። ሃያ ዓመት ያለፋትን ሴት ደግሞ ቆንጥጬ አላስለፈልፋት ነገር።

ስልኩን ዘጋና ቦርሳውን አስቀመጠ። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ባትሪና ፔርሙዝ የታጨቀበትን ያንን ከባድ ቦርሳ ሁልጊዜ የሚጥለው በሩ አጠገብ ባለው የስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ ነው። መኪናዋ ተሸጣ ከሄደች ሰንብታለች፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው ዶቃ እንቁላል የምታስፈለፍልበት ሳጥን ነው። ልጄ ይህን ያውቃል፤ እጁ ግን አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው እጅ የለመደውን እንጂ የተነገረውን አይሠራም። ቦርሳው ድፍ አለ፤ ቀጥሎ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚመስል ድምፅ መጣ። እሱ አልሰማም። መጋረጃውን ገልጦ አልጋው ላይ ወደቀና ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ተነስቼ ቦርሳውን አነሳሁት። ከባድ ነበር፤ ወገቤን ያዝ አደረገኝ። የሳጥኑ ክዳን መሃሉ ላይ ጎብጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከፍቼ ለማየት ድፍረት አጣሁ። ቦርሳውን ከአልጋው ሥር ሸጎጥኩና፣ ክዳኑን ከዳር ቀና አድርጌ፣ ፍራሼ ላይ ቁጭ አልኩ። ዶቃ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ነበረች። እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? አባትሽ ሰበረው ብላት ኩርፊያው ጥላቻ ይሆናል። ዝም ብላት ራሷ ታየዋለች። በዚያ ላይ ያቺ የሰኞ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ከሞተችባት ወዲህ ይህችን ልጅ ከነፋስ ስጠብቃት፣ እሱን ደግሞ ከራሱ ቁጣ ስጠብቀው፣ እኔም እንደሱ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ፤ ለዚያውም ተተኪ የሌለው።

ሳጥኑን ላላየ ሰው ላስረዳ። ዓሣ በበረዶ የሚጫንበት ነጭ ፎም ነው፤ ከገበያ ጓሮ ተጥሎ አግኝታው በሳሙና ፈትጋ አጠበችው። ጎኑን በስታ አምፖል አስገባች፣ ጥግ ላይ ለእርጥበት ውኃ ያለበት ጣሳ፣ ከጎኑ ሙቀት መለኪያ። እንቁላሎቹ ወንፊት መሰል ሽቦ ላይ፣ ከክዳኑ ብዙም ሳይርቁ ተኝተዋል። ባንድ ጎናቸው ክብ፣ በሌላው ጎናቸው መስቀለኛ ምልክት በእርሳስ ተደርጎባቸዋል፤ ዶሮ በመንቁሯ እየገፋች የምታገላብጠውን እሷ በእጇ ስታገላብጥ የትኛው እንደዞረ፣ የትኛው እንደቀረ እንድታውቅ። ይህን ሁሉ ያየችው ከስልኳ ነው። ከከተማው ዳር ዶሮ የምታረባ አንዲት ሴት፣ ጫጩቶቹ ደህና ከወጡ እንቁላሉን በየጊዜው እያመጣች በክፍያ ልታሠራት ቃል ገብታላታለች። አባቷም በእኔ በኩል ቃሉን ልኮ ነበር፤ «ይሄ ከያዘላት ትቀጥል፣ ካልያዘላት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች በያት።» እንቁላሎቹ ከግማሽ መንገድ አልፈው ነበር።

ዳቦውን ይዛ ገባች፤ እጇን ታጠበች፤ ክዳኑን አነሳች። አልጮኸችም። መጋረጃው ወዲያ ሰው ተኝቷል፤ በእኛ ቤት ቀን ቀን ለቅሶም በሹክሹክታ ነው። ተንበርክካ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አገጯን አስደግፋ ብቻ አየች። አንዳንዱ ቅርፊቱ ገብቶ ፈሳሹ ሽቦው ላይ ወርዷል፤ አንዳንዱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል፤ ዳር ዳር ያሉት ደህና ናቸው።

«ክዳኑን ደህና አድርጌ አልገጠምኩትም ነበር» አለች በሹክሹክታ። «የኔ ጥፋት ነው።»

አይደለም ማለት ሲገባኝ ሳህን አቀበልኳት።

የሚፈሱትን አንድ በአንድ እያነሳች ሳህን ላይ አደረገቻቸው። በእያንዳንዱ አፍንጫዋን ታስጠጋለች፤ የገማ ካለ ሌሎቹን ይመርዛል ትላለች። አንዱ ግን ከሥሩ ትንሽ ብቻ እያፈሰሰ፣ በእጄ ስይዘው እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቀኝ ነበር።

«ይሄንንስ በሰም ብንሞክረው?» አልኳት። «ይሞቃል እኮ፣ ነፍስ አለው።»

«ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዷል እማማ። ቅርፊቱ ብቻ ሲሰነጠቅ ነው በሰም የሚያዘው። ይሄ እዚያው ይሞትና ይገማል፤ ከዚያ በሙቀቱ ይፈነዳና ደህናዎቹን ይዟቸው ይሄዳል።»

«ምናልባት ቢሆንስ…»

«እማማ፣ ምናልባት ብዬ ሁሉንም ልጣ?»

ሳህኑን በጨርቅ ሸፍና ወጣች፤ ከግቢው አጥር ሥር አፈር ቆፍራ ስትቀብራቸው በመስኮት አየኋት። አፈሩን በእግሯ አልረገጠችውም፤ በመዳፏ ነው ደልደል ያደረገችው። ተመልሳ እጇን እየታጠበች፣ «ለተሰነጠቁት ሻማ ያስፈልገኛል» አለች። እኔው ልሂድ አልኩ። ከዚያች ክፍል ወጥቼ ትንሽ አየር ፈልጌ ነበር።

ከቅያሱ አፍ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ሻማም፣ ክብሪትም፣ ማስቲካም ትይዛለች። ምላሷ ከሻይዋ ይበልጥ ይፋጃል።

«እማማ፣ ሻማ በጠራራ ፀሐይ? መብራት ሄደ እንዴ?»

«ለእንቁላሎቹ ነው።»

«ለእንቁላሎቹ! ገና ሳይፈለፈሉ ልደት ልታከብሩላቸው ነው?» ብላ ጉልበቷን መታች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ የእናንተው በአምፖል ሊሄድ ነው አሉ።»

«ሻማውን ስጪኝ አንቺ ሴት፣ ወገቤን አሞኛል። ደግሞ የሻማም ዋጋ ጨመረ?»

«ምን ያልጨመረ አለ ብለው ነው? የኔ ዕድሜ ብቻ ነው ያልጨመረው፤ እሱንም ደብቄው ነው።»

ሳቅሁላት። አፌ ሳቀ እንጂ እኔስ ስለ ሰኞ ነበር የማስበው። እየተመለስኩ ሳለ ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ ስንጥቆቹ ከተደፈኑላት፣ የቀሩት ደህና ከሆኑ፣ ልጄን ማታ ሲነሳ ቁጭ አድርጌ እለምነዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጣት እለዋለሁ። እናት ለምና የማይሆን ነገር የለም፤ አንዳንዴ።

ሻማው ከመቀባቱ በፊት የትኛው በሕይወት እንዳለ መታየት አለበት። ለዚህ ደግሞ ጨለማ ያስፈልጋል፤ በእኛ ቤት መስኮት ላይ ያለችው ጨርቅ ፀሐይን የምትለምን እንጂ የምትከለክል አይደለችም። ስለዚህ ፍራሼ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥንና ብርድ ልብሱን ከነራሳችን ተከናነብን፤ እኔ የሰባ ዓመት አሮጊት እንደ ድብብቆሽ ተጫዋች። እሷ የስልኳን ባትሪ አብርታ በካርቶን ጥቅል ውስጥ እንቁላሉን ትደግፋለች፤ እኔ ሳህኑን ይዤ ያየችውን እቀበላታለሁ። ብርሃኑ ሲያርፍበት እንቁላሉ እንደ ፋኖስ ቀላ። ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ቅጠል ጅማት ተዘርግተው፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነገር ፈራገጥ ሲል አየሁ። «ይሄ አለ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ትንፋሿ ጉንጬን ነካኝ። «ይሄም አለ።» አንዱ ላይ ቆየች፤ ዞር አደረገችው፣ ደግሞ ዞር አደረገችው። ምንም አልተንቀሳቀሰም። «ይሄ የለም» አለችና ለብቻ አስቀመጠችው። እንዲህ ስንል ለትንሽ ጊዜ ሰኞንም፣ ባለፎቁንም፣ ወገቤንም ረሳሁ ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ ስልኳ በእጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድምፁን ዘግታዋለች፣ ብርሃኑ ግን ብርድ ልብሱን ከውስጥ ሰማያዊ አደረገው። የባለፎቁ ስም ከያዘችው እንቁላል በላይ በራ። እንቁላሉን ከእጇ ቶሎ ወሰድኩት፣ ልትጥለው ነበር።

«አንሺው እንጂ» አልኳት፤ ከአባቷ የሰማሁትን ልደብቅ ብዬ። «ምን ይላል?»

«ልለካሽ ይላል።»

«ምንሽን?»

«ሌሎቹ ሲወጡ መዝጊያውን ያወርዳል። ሜትሩን ከአንገቱ ያወልቅና ልለካሽ ይላል። ጨርቅ አልተቆረጠም እማማ። የሚሰፋ ልብስ የለም። ዝም ብሎ ይለካኛል።»

ስልኩ ንዝረቱን ጨርሶ ዝም አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ልጄ ሲገላበጥ አልጋው ጮኸ፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ልይዛት ፈለግሁ፤ በአንድ እጄ እንቁላል፣ በሌላው ሳህን ነበር። እንደዚያው ሆኜ ግንባሬን ከግንባሯ አስነካሁ። ሌላ ምን አለኝ።

«ለአባዬ እንዳትነግሪው» አለች። «ሄዶ ይገድለውና ይታሰራል። ካልገደለውም፣ ማታ ማታ የሱን በር ጠብቆ ነው የሚያበላን።»

ይህን ሁሉ ብቻዋን ስታሰላ ከርማለች ማለት ነው። እኔ ኩርፊያ ነው ስል፣ አባቷ ስንፍና ነው ሲል። አባትሽ ለሰኞ ቃል ገብቶልሻል ልላት ብዬ ተውኩት።

ብርድ ልብሱን ገፍፈን ሻማውን ለኮስን። ሰሙን በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ጫፍ እየነካች ስንጥቁ ላይ ብቻ፣ ልክ ክር እንደምታስኬድ አድርጋ ትቀባዋለች። ሰፊ ናታ፤ እጇ መስመር አይስትም። «ብዙ ከተቀባ ትንፋሽ ያጣል» ትላለች፤ ቅርፊቱ ይተነፍሳል ማለቷ ነው። ሰሙ ሲበርድ ነጭ ጠባሳ ይሆናል። የጎበጠውን ክዳን በካርቶንና በፕላስተር ጠገነችው፤ የተረፉትን መልሳ ደረደረች፤ ሽቦው ላይ ብዙ ባዶ ቦታ ይታይ ነበር። ሙቀቱ እስኪመለስ ድረስ መለኪያው ላይ ዓይኗን ተክላ ተቀመጠች። ዳቦውን የበላነው ደርቆ ነው።

ልጄ የተነሳው ፀሐይዋ ከመስኮቱ ከወረደች በኋላ ነው። ፊቱን ታጠበ፣ የዘበኛ ካኪውን ለበሰ፣ ሻዩን ይዞ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ፕላስተር በተለጠፈበት ክዳን ላይ አረፈ። ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ።

«እማዬ፣ ሰኞ ሥራዋ ትገባለች በያት። አነጋግሬላታለሁ።»

ዶቃ ጀርባዋን እንደሰጠችን ቀረች። ትከሻዋ ሲጠብ አየሁ።

«እማማ፣ ገና አልወጡም በዪው። ከያዘላት ትቀጥል ብሎ ነበር በዪው።»

«የተሰበረ ሳጥን ታቅፋ ምን ትጠብቃለች በያት።»

«ክዳኑን ደህና አድርጌ ስላልገጠምኩት ነው፣ የቀሩት ግን ደህና ናቸው በዪው።»

ሁለቱም እኔን ጠበቁ። የስልክ እንጨቱ ግን ደክሞት ነበር።

«የሰበርከው አንተ ነህ» አልኩት።

«እኔ?»

«ቦርሳህን ጣልክበት። አንተ ተኛህ፣ እኔ አነሳሁት።»

ጠረጴዛውን አየ፤ እጁን አየ። ዶቃ ቀስ ብላ ዞረች። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ላይ ያለፈውን ያየሁት እኔ ነኝ። ግን የደከመ ሰው ጥፋቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

«ደክሞኝ ነበር» አለ። «ይሁን፣ ጥፋቱ የኔ ይሁን። ሰኞ ግን ሰኞ ነው። ቃል ገብቻለሁ። ሰውየው ውለታችንን…»

«ሰኞ አትሄድም።»

«አንቺ አትግቢበት እማዬ።»

«እማማ!» አለች ዶቃ።

አየኋት። ተይ ትለኛለች በዓይኗ። ቀኑን ሙሉ ተይ ስትለኝ ተውኩ፣ እሱን ከእሷ ደበቅሁ፣ እሷን ከእሱ ደበቅሁ፤ ሁለቱም ግን እንደተሰነጠቀ እንቁላል ውስጥ ውስጡን ሲፈስሱ ነው የዋሉት።

«ሌሎቹ ሲወጡ መዝጊያውን አውርዶ ይለካታል» አልኩት። «ለልብስ አይደለም።»

የሻዩ ብርጭቆ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ልጄ መጀመሪያ የሰማው የመሰለኝ ግማሹን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀሪው ደረሰበት። ወደ ልጁ ዞረ፤ ሥራውን ከተወች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ እሷን አናገራት።

«ስንት ጊዜ?»

«አትቁጠረው አባዬ» አለችው።

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ፤ ተነሳ፤ ከበሩ ጥግ የጥበቃ ዱላውን አነሳ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ብቻ በዚያ ወገቤ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። «ረግጠኸኝ ውጣ» አልኩት። «እኔን ቅበረኝና ሂድ። እሱን ገድለህ ስትታሰር ይህችን ልጅ ማን ይጠብቃታል? እኔ? እየኝ እስኪ!» በላዬ ቆሞ ይተነፍስ ነበር። እንደ ልጅነቱ አገጩ ተንቀጠቀጠ። ዶቃ መጣችና ዱላውን ከእጁ ወሰደችው፤ ሳይታገላት ሰጣት።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ።

«ልጄ አትመጣም» አለ። ጋሼ አላለም። ከወዲያ የሰውየው ድምፅ እንደ ዝንብ ይሰማል፤ ረጅም ጊዜ ተናገረ፣ ሳቅም ያለበት መሰለኝ። «ለምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ» አለው ልጄ። ያንን ሰው አንተ ሲለው ሰማሁ፤ ሙሉ ዓመት እርስዎ ሲለው የኖረ ነው። ዝንቡ ደግሞ ጮኸ፤ አሁን ሳቅ የለበትም። ልጄ ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔም አልመጣም» አለና ዘጋው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወዲያው ስለ ዳቦ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለሚቀጥለው ወር አሰብኩ። ዕድሜ ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ ደስታ ሲመጣበት በሩ ላይ ቆሞ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል። እነዚያ በሰም የተጠገኑት እንቁላሎች ይፈለፈሉ አይፈለፈሉ ማንም አያውቅም። ዶቃ የሳጥኑን ክዳን ከፍታ ማገላበጥ ጀመረች፤ መሃል ላይ አቁማ ፊቷን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍና አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ። የተኛ ሰው የለም፤ አልቅሺ አልኳት።

ልጄ ካኪውን እንደለበሰ በርጩማውን አንስቶ ደጅ ወጣና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። በዚያ ሰዓት ቤት መሆንን ስላልለመደ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም፤ አንዴ ጉልበቱ ላይ፣ አንዴ ደረቱ ላይ። ባለ ሻይዋ ማንደጃዋንና ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ወደ ቤቷ ስታልፍ አየችው።

«ምነው ዘበኛው፣ ዛሬ ሌባ ሁሉ ዕረፍት ወጣ እንዴ?»

«ዛሬ ተረኛ የሆንኩት እዚህ ነው» አላት።

ባለ ሻይዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።